ስለ ጃውስ ተራራ (ዊክሎው፣ አየርላንድ) ለጠየቃችሁኝ

ከደብሊን በስተደቡብ ስላለው ጃውስ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ 725 ሜትር ብቻ አይደል እንዴ? አዲስ አበባ እኮ ከ2300 በላይ ናት፣ ምኑ ይከብዳል?
መልስ፦ ወንድሜ ከፍታውን እርሳው፣ የሚያደክመው መሬቱ ነው። ዝናቡ አያባራም ውሃውም ቶሎ አይወርድም፣ ስፋግነም የሚባል ተክል በደንብ ሳይበሰብስ በላይ በላዩ ሲከመር ቦግ (ውሃ ያዘለ ረግረግ መሬት) ይሆናል፣ እሱም በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት አስበው። ጭጋግ ከመጣ ደግሞ ፊትህ ያለው መንገድ ራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የሚያሰምጠውን ቦታ በምን እለየዋለሁ?
መልስ፦ በከለሩ። ደማቅ ቀለል ያለ አረንጓዴ ሆኖ ምንጣፍ የመሰለው ስሩ ውሃ ነው። አናቱ ላይ ነጭ ጥጥ የሚያወጣው ሳርም እርጥብ ቦታ ነው የሚበቅለው። ሄዘር ያለበት (የኛ አስታ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት) አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ መጀመሪያ በዱላ ወጋ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ጭቃውን በዳር በዳር ባልፈውስ?
መልስ፦ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! አንዱ በዳር ሲሄድ ሳሩ ይሞታል፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ከሱ አልፎ ይረግጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰው የሚያሳልፍ የነበረው መንገድ እንደ አውራ ጎዳና ይሰፋል፣ ጥቁሩ አፈር ራቁቱን ይቀርና ዝናብና ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። ወደ ጃውስ ስትወጡ የምታልፉበት ዋይት ሂል የሚባለው ኮረብታ ላይ አሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት የተነጠፈው ለዚህ ነው፣ እንዳያንሸራትት ሽቦ መረብ ተመቶበታል፣ ሽቦው የተላጠበት ጋ ግን ተጠንቀቁ። እንጨት በሌለበት መሃል መሃሉን ሂዱ፣ ጫማ ይታጠባል።

ጥያቄ፦ ምን ልልበስ?
መልስ፦ ጂንስ አይሆንም እህቴ፣ ከራሰ አይደርቅም። የሱፍ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትስ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት።

ጥያቄ፦ እባብ አለ?
መልስ፦ አየርላንድ ውስጥ የዱር እባብ የለም። መዥገር ግን አለ፣ ቤት ስትገቡ እግራችሁን እዩ።

ጥያቄ፦ የዊክሎው ዌይን (የረጅሙን የእግር ጉዞ መንገድ) ምልክት ብከተል ጫፉ ያደርሰኛል?
መልስ፦ አያደርስም፣ በትከሻው ነው የሚያልፈው፣ ለጫፉ ወደ ላይ መታጠፍ አለብህ።

ጥያቄ፦ ዲሴምበር ላይስ?
መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጠዋት ጀምሩ፣ የራስ ባትሪ ያዙ። ችግር ከገጠመ 112 ወይም 999 ደውላችሁ ማውንቴን ሬስኪው (የተራራ ነፍስ አድን) በሉ።