«የፀሐይ ልብስ ስፌት» ወይስ «ፀሐይ ልብስ ስፌት»?

ጥያቄ፦ እናቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ልብስ ስትሰፋ ኖራ አሁን ሥራውን ለእኔ አስረክባኛለች። ሰፈርተኛው ቤቱን በእናቴ ስም «የፀሐይ ልብስ ስፌት» ስለሚለው፣ ንግድ ፈቃድ ሳወጣም ይህንኑ ስም ላስመዘግብ አስቤ ነበር። የማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚጽፍልኝ ባለሙያ ግን «‹የ› ትውጣ» ይለኛል፤ እኅቴ ደግሞ «ፋሽን ፀሐይ» ቢባል ዘመናዊ ይሆናል ባይ ናት። ፊደሉም አከራክሮናል፤ «ፀሐይ» ነው ወይስ «ጸሃይ»?

መልስ፦ በ«የ» ጉዳይ ባለሙያው ትክክል ናቸው። ይህ ማለት ግን ሰፈርተኛው ተሳስቷል ማለት አይደለም። «የፀሐይ ልብስ ስፌት» የሚለው አነጋገር ቤቱ የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ «ፀሐይ ልብስ ስፌት» ደግሞ ቤቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ። የፊተኛው መግለጫ፣ የኋለኛው መጠሪያ ነው። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ቤቱ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ሲተላለፍ ነው። «አልማዝ ጠጅ ቤት የከበደ ነው» ብንል ማንም አይደናገርም፤ የጠጅ ቤቱ ስም አልማዝ፣ ባለቤቱ ከበደ መሆኑን ሰሚው ወዲያው ይረዳል። «የአልማዝ ጠጅ ቤት የከበደ ነው» ካልን ግን ሰሚው «ታዲያ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እናትዎ ሥራውን ለእርስዎ ካስረከቡ ወዲህ የእርስዎም ቤት እዚህ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል፤ «የ»ን ሲያነሡለት የእናትዎ ስም ከባለቤትነት ወደ መጠሪያነት ይሸጋገርና ወደፊት ቤቱን ማንም ቢይዘው አብሮት ይኖራል።

በእርስዎ ስም ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ይህም እናትዎ ፀሐይ በመባላቸው የመጣ ነው። አማርኛ ከ«ልብስ» በፊት «የ»ን ሲያስገባ ብዙውን ጊዜ የልብሱን ዓይነት መናገሩ ነው፤ የሥራ ልብስ፣ የሠርግ ልብስ፣ የሐዘን ልብስ እንላለን። «የሴቶች ልብስ ስፌት» የሚል ሰሌዳ ያየ ሰው ቤቱ የሴቶች ንብረት ነው ብሎ አያስብም፤ የሚሰፋው የሴቶች ልብስ መሆኑን ነው የሚረዳው። እንግዲህ «የፀሐይ መነጽር» የሚለውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እናትዎን ግን የማያውቅ መንገደኛ «የፀሐይ ልብስ ስፌት»ን ሲያነብ በፀሐይ ጊዜ የሚለበስ ስስ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ቢመስለው አይፈረድበትም። «የ» የምትይዘው ቀጥሎ ያለውን «ልብስ» ብቻ ይሁን ወይስ «ልብስ ስፌት»ን በሙሉ፣ ጽሑፉ አይለይልንም። የሰፈር ሰው የሚያወራው ስለሚያውቃቸው ሴት ስለሆነ አይቸገርም፤ እንዲያውም በንግግር ጊዜ «እነ ፀሐይ ጋ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ልብስ ስፌቱንም ሊተወው ይችላል። ሰሌዳ ግን የሚጻፈው በዋናነት ለማያውቅ ሰው ነው።

ወደ እኅትዎ ሐሳብ ስንመጣ፣ ክርክሬ ከ«ፋሽን» ጋር አይደለም፤ ቃሉ አማርኛን ከለመደ ቆይቷል። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። አማርኛ ገላጩን አስቀድሞ ዋናውን ስም ያስከትላል፤ ስለዚህም ራስ ሆቴል፣ ጊዮን ሆቴል፣ ጣይቱ ሆቴል እንላለን። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ ራስ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ አሰካካቸው የጣሊያንኛና የፈረንሳይኛ ነው፣ ዘመናዊነት የሚሸተንም ከዚያው የተነሣ ይመስለኛል። ሆኖም አማርኛ የራሱን ሥርዓት በቀላሉ አይለቅም። የአዲስ አበባው ቶሞካ ስሙ «ቶሬፋትሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚሉት ሦስት የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ «ካ» ራሷ «ካፌ» ማለት ናት፤ እኛ ግን ይህን ሳናስብ «ቶሞካ ካፌ» እያልን ካፌውን ደግመን ከኋላ እንቀጥልለታለን።

ዋናውን ስም ማስቀደም የሚፈቅድልን የቅርብ ዘመድ ግእዝ ነው፤ ለዚህም የምትኖሩባት ከተማ ስም ምስክር ነው። «ደብር» ወደ «ደብረ» ሲለወጥ ደብረ ማርቆስ ተባለ፤ «ፍኖት»ም «ፍኖተ» ሲሆን ፍኖተ ሰላም፤ በ«ኢ» ድምፅ የሚያልቀው «ጸሐፊ» ደግሞ ወደ «ጸሐፌ» ተለውጦ ጸሐፌ ትእዛዝን ሰጠን። በዚህ ሥርዓት ለመሄድ የፈለገ ነጋዴ የፊተኛውን ቃል መጨረሻ መለወጥ አለበት፤ ለውጡን ትቶ ቅደም ተከተሉን ብቻ የወሰደ እንደሆነ የጻፈው ግእዝም አማርኛም አይሆንም። በዚህ ሥርዓት ከሄድን የእኅትዎን ስም «ፋሽነ ፀሐይ» ልንለው ነው፤ እርሳቸውም ይህን የሚወዱት አይመስለኝም። «ፀሐይ ፋሽን» ቢባል ግን ሰዋስዉ ምንም አይጎድለውም። እኔ በበኩሌ «ልብስ ስፌት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የተሰፋ ልብስ ይሸጥ ወይስ ልክ ተወስዶ ይሰፋ ሳያሻማ ይናገራልና።

የፊደሉ ጥያቄ ቀላል ነው። በአብነት ትምህርት ቤት «ጸ» የምትጠራው «ጸሎቱ ጸ» ተብላ ነው፤ «ፀ» ደግሞ «ፀሐዩ ፀ»። ፊደሏ መለያ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው። ሁለተኛዋም ፊደል ሐመሩ «ሐ» ስለሆነች ትክክለኛው አጻጻፍ «ፀሐይ» ነው። «ጸሃይ» ተብሎ ቢጻፍም አንባቢ ይረዳዋል፤ ለብዙ ዓመት በሚሰቀል ሰሌዳ ላይ ግን ጠንቃቃው አጻጻፍ ቢሰፍር ይሻላል።

ፊደል መቀየር ሌላ ስም እንደማይፈጥርም ልብ ይበሉ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የንግድ ስም ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ ዓይነት ወይም አሳሳች በሆነ መልኩ ተመሳሳይ እንዳይሆን ይከለክላል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ደግሞ ለጆሮ ያው አንድ ናቸው። ስሙ ተይዞ ካገኙት ፊደል ከመለዋወጥ ይልቅ ቃል ይጨምሩበት፤ ለምሳሌ «ፀሐይና ልጇ ልብስ ስፌት» ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ሰሌዳ ጸሐፊው «ና»ን ከ«ፀሐይ» ነጥለው ለብቻዋ እንዳይጽፏት ይንገሯቸው።