ጣና ውስጥ የገባ እግር፣ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል?

ወንድሜ፣ አባቴ እግራቸው ውስጥ ፕሌት (የተሰበረ አጥንት የሚያያዝበት ብረት) አለ፣ በደንገል ታንኳቸው ሲሠሩ ውሃ ስለሚገቡ ይዝግ ይሆን ላልከው፣ ቁስሉ ከዳነ የጣና ውሃ ብረቱ ጋ አይደርስም። ደማችን ነው የሚብሰው! ጣና ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ የደም ጨዋማነት ግን በሊትር 9 ግራም ጨው ከገባበት ውሃ ጋር ይቀራረባል። ለዚህ ነው ለፕሌት በሚውለው፣ 316ኤል በሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት ውስጥ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየም የሚገባው፤ ክሮሚየሙ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ቢጫር ኦክስጅን ካገኘ ራሱን ይጠግናል። ችግሩ ፕሌቱን አጥንት ላይ የሚያስረው ብሎንና ፕሌቱ የሚፋተጉበት ጠባብ ቦታ ነው፣ እዚያ ኦክስጅን ያንሳል። የኔ ፕሌት ሲወጣ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፣ አንዱ ብሎን ሥር ግን ጠቆር ብሎ ነበር። ከቲታኒየም የተሠራ ፕሌት በዚህ ይሻላል፣ ኪስ ከቻለ። አዲስ ሕመም ወይም እብጠት ከመጣባቸው ግን ሐኪም ይያቸው።