«ካርበን ቀለም የለውም» ለሚሉሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለአየር ንብረት ፍትህ የሚሟገት የወጣቶች ቡድን አባል ነኝ። ከሌሎች አገሮች ቡድኖች ጋር የጋራ መግለጫ እያዘጋጀን ሳለ፣ ቅኝ ግዛትና ዘረኝነት ለቀውሱ ድርሻ እንዳላቸው የሚገልጽ አንቀጽ ይግባ አልኩ። ገሚሱ ደገፈኝ። ሌሎቹ ግን «ካርበን ቀለም የለውም፣ ጊዜም የለንም፣ ፖለቲካ አታስገቢብን» አሉኝ። አሁን ተኮራርፈናል። ልተወው ወይስ ልግፋበት? ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ አንባቢ

መልስ፦ ግፊበት እህቴ። ኩርፊያው ያልፋል። አንቀጹ ከወጣ ግን መግለጫው ጎዶሎ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ፖለቲካውን ያስገባሽው አንቺ አይደለሽም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ፣ አይፒሲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ሰዎችን ለአደጋ ካጋለጡት ምክንያቶች መካከል ቅኝ ግዛትን በስሙ ጠርቶታል። የሪፖርቱን ማጠቃለያ ደግሞ የመንግሥታት ተወካዮች መስመር በመስመር አይተው ነው ያጸደቁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርበን ቀለም የለውም፤ እሱስ ልክ ናቸው። ያቃጠለው ግን ይታወቃል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። መላው አፍሪካ ተደማምሮ 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ጊዜ የለንም» የሚለው ነው። ጊዜው የት ሄደና? የፓሲፊክ ደሴቷ አገር ቫኑዋቱ በ1991 የትናንሽ ደሴት አገሮችን ወክላ፣ የባሕር ከፍታ መጨመር ለሚያደርሰው ጉዳት በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች የሚያዋጡበት የመድን ፈንድ ይቋቋም አለች። የአየር ንብረት ለውጥ ለጎዳቸው አገሮች የሚከፍል የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲኖር የተወሰነው በ2022፣ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ነው። 31 ዓመት! መሃል ላይ፣ በ2015 የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ፣ በውሳኔው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፤ ጉዳትና ኪሳራን የሚመለከተው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ለካሳም መነሻ አይሆንም የሚል። ያቺ መስመር በአጋጣሚ አልገባችም። ሀብታሞቹ አገሮች እርዳታ እንሰጣለን ለማለት አይቸገሩም። ዕዳ አለብን ማለት ግን ሞታቸው ነው። ጊዜውን የበላው ይሄ ነው።

ዘረኝነቱን ከሌላ ቦታ ያመጣሽው አጀንዳ ካስመሰሉት ደግሞ ዋረን ካውንቲን ንገሪያቸው። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት ውስጥ ያለ፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ድሃ የነበረበት የገጠር ወረዳ ነው። የግዛቱ መንግሥት ፒሲቢ በሚባል መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ እሱን መረጠ። የከርሰ ምድር ውሃው ለገጽ ቅርብ ነው፤ ሰዉ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። በሴፕቴምበር 1982 ከባድ መኪኖቹ አፈሩን ጭነው ሲመጡ ነዋሪው መንገዱ ላይ ተኛ። በተቃውሞው ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። ያም ሆኖ አፈሩ እዚያው ተቀበረ። ብዙዎች የአካባቢ ፍትህ ንቅናቄን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያ መንገድ ነው። በ1991 ጥቁሮች፣ ነባር ሕዝቦች፣ ላቲኖዎችና እስያውያን ዋሽንግተን ተሰብስበው 17 የአካባቢ ፍትህ መርሆች አጸደቁ። ዛሬ የአየር ንብረት ፍትህ የምንለው በብዙው እነሱ ከጣሉት መሠረት ላይ የቆመ ነው። ቤቱን የሠሩትን ሰዎች ጥያቄ «ለዚህ ቤት አይሆንም» ማለት ነውር ነው።

«አረንጓዴ» ሥራም ከዚህ ነፃ አይደለም። ኖርዌይ፣ ፎሰን ላይ 151 የንፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ሳሚ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሰሜን አጋዘን በሚያሰማሩበት መሬት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ፈቃዱ መብታቸውን ጥሷል ብሎ ወሰነ። ተርባይኖቹ ግን መዞራቸውን ቀጠሉ። በ2023 የሳሚ ወጣቶች ኦስሎ ሄደው የነዳጅና ኢነርጂ ሚኒስቴር ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ስዊድናዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ግሬታ ቱንበርግም ተቀላቅላቸዋለች። ንፋስ ንፁህ ነው። የሰውን መሬት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ግን ያው የድሮው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል የራስ ሹማምንት መሸፈኛ እንዳይሆን። ናይጄሪያዊውን ጸሐፊ ኬን ሳሮ-ዊዋን አስቢው። ናይጄር ዴልታ ውስጥ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ የተገኘው በ1956፣ እንግሊዞች ገና ሳይወጡ ነው። የኦጎኒ ሕዝብ መሬትና ውሃ በድፍድፍ ዘይት ሲበከል ሳሮ-ዊዋ ወገኖቹን አስነሳ። በ1995 ከስምንት ጓዶቹ ጋር የሰቀለው ግን የገዛ አገሩ ወታደራዊ መንግሥት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ኦጎኒ ምድር አንድ መንደር ውስጥ ሰው ከሚጠጣው ጉድጓድ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ተገኘ፤ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። አንቀጽሽ የውጮቹንም የውስጦቹንም ይንካ።

ከቡድኑ ጋር ስትነጋገሪ ማንንም ዘረኛ ብለሽ አትጥሪ። ረቂቁን ፊታቸው አስቀምጪና «የቱ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው?» በያቸው። መግለጫውን ማን ያነባል፣ ጋዜጠኞች ፊት ማን ይቀርባል የሚለውም ከወዲሁ ይወሰን። በ2020 ዳቮስ ላይ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ከአራት ነጭ ወጣቶች ጋር ፎቶ ተነሳች። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ባሰራጨው ምስል ላይ እሷ ብቻ ተቆርጣ ወጣች። ድርጅቱ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፤ ግን ዓለም ካየው በኋላ ነው።

የአንቀጹ ማብቂያ ላይ ሁለት ጥያቄ አስገቢ። አንደኛ፣ ለተጎዱት የሚከፈለው ገንዘብ ብድር አይሁን። ሁለተኛ፣ መሬቱ የሚነካበት ሕዝብ እምቢ የማለት መብት ይኑረው። ቃላቱን ቢያለሳልሱት ችግር የለም፣ ተስማሚ። ሁለቱን ጥያቄዎች ካስወጧቸው ግን አትፈርሚ።