ሠዓሊ ወይስ ሰአሊ?

አጎትህ «ሰአሊ» የሚለውን ማረማቸው ልክ ነው። የልጅህን ሥዕል ደብረ ማርቆስ ላሉት ዘመዶችህ ስትልክ «ትንሿ ሰአሊ» ያልከው ለእሳቸው «ትንሿ ለማኝ» ሆኖ ነው የተነበበው። በግእዝ ሰአለ ማለት ለመነ ነው፤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የምንለው፣ ስእለትም የመጣው ከዚያ ነው። ሣለ ለማለት ግን ሠዐለ ነው፣ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ። ስለዚህ «ሠዓሊ»፣ «ሥዕል» ብለህ አስተካክለው።

ዋሸራ ወይ ዲማ፣ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ቅኔ ለቆጠረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊደሉ ሲቀየር ምስጢሩ ይጠፋበታል። ቅር አይበልህ፣ አክብረውህ ነው ያረሙህ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እንዲህ የታረመ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘውን ሁሉ በንጉሡ ሠ መጻፍ ሲጀምር አያለሁ። ሰላም፣ ሰማይ፣ ሰው በእሳቱ ሰ ናቸው፤ አትንካቸው።