ማስተሩን ስጡኝ ላለን ሰው ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኳየር ውስጥ ነኝ፣ እያዋጣን ስምንት መዝሙር ቀርጸን ጨርሰናል። አሁን አንድ ሰውዬ «ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ስጡኝ፣ ወጪያችሁን ሸፍኜ እኔ አወጣዋለሁ» አለን። ግማሾቻችን እንስጠው ይላሉ፣ ግማሾቻችን የራሳችንን ሌብል፣ መዝሙር የሚያሳትም ድርጅት ማለት ነው፣ እንክፈት ይላሉ። ውጭ ሀገር እንዲህ በራሳቸው የጀመሩ ነበሩ ይባላል፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ?
ሶፕራኗ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ ነበሩ፣ ሲጀምሩም እንደናንተው ባዶ እጃቸውን ነው። ወርድ የሚባለውን የአሜሪካ የመዝሙር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ዌኮ፣ ቴክሳስ ውስጥ የጀመረው ጃረል ማክራከን የሚባል ወጣት የሬድዮ ሰው ነው፣ የመጀመሪያዋ ሸክላም መዝሙር እንኳ አልነበረችም፣ በጎና ክፉ በአሜሪካ ፉትቦል ሲጋጠሙ እንደ ጨዋታ የሚተረክባት ስብከት ነበረች፣ የሰማ ሁሉ ኮፒ ስጠን ሲለው ነው ነገሩ ኩባንያ የሆነው። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ካሊፎርኒያ ላይ ሂፒዎቹ ጌታን ሲያገኙ ጊታራቸውንም ይዘው መጡ፣ ብዙ ቤተክርስቲያን ያንን ድምፅ አልፈልግም አለ፣ ካልቫሪ ቻፕል የሚባለው ቤተክርስቲያን ግን በ1971 ማራናታ የሚባል ሌብል አቋቋመላቸው፣ ዘማሪው ላሪ ኖርማንም በ1975 ሶሊድ ሮክ የሚባል የራሱን ሌብል ከፈተ።

እኔን የሚነካኝ የአሜሪካዊው ዘማሪ የኪት ግሪን ታሪክ ነው። ስፓሮው በሚባለው ሌብል አልበም እያወጣ በደንብ ይሸጥለት ነበር፣ ግን መዝሙሬን በዋጋ አልሸጥም ብሎ ከውሉ ልቀቁኝ አላቸው፣ ለቀቁት። ከሚስቱ ጋር ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩና በ1980 የወጣውን አልበም «የቻላችሁትን ክፈሉ» እያለ በፖስታ መላክ ጀመረ። እስከ 1982 ከ200,000 በላይ ኮፒ ሄደ፣ 61,000ው በነጻ። በዚያው ዓመት በአውሮፕላን አደጋ አረፈ፣ 28 ዓመቱ ነበር።

መጨረሻቸውን ላልሽው፣ ብዙዎቹን ትልልቆቹ ገዟቸው። ወርድን በ1974 የአሜሪካው ብሮድካስት ድርጅት ኤቢሲ፣ ስፓሮውን በ1992 የእንግሊዙ የሙዚቃ ኩባንያ ኢኤምአይ። ኩባንያ ሲሸጥ ደግሞ በእጁ ያለው ማስተር አብሮ ይሄዳል፣ ዘማሪውን ማንም አይጠይቀው።

እኛ ጋ ሌብል የሚባል ነገር ሳይኖር ነው መዝሙር የተዳረሰው። ብሥራተ ወንጌል ሬድዮ በእኛ አቆጣጠር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ ነበር፣ ደርግ በ1969 ወረሰው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሯል፣ ካሴቱ ግን ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ልጅ ሆኜ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አክስቴ ቤት ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ አንዱ ሲያጫውት ሌላው ሲቀዳ ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጥ ነበር፣ ምክንያቱም ሳል እንኳ አብሮ ይቀዳል። አምስተኛው ኮፒ ላይ ሹሹታው ከዘማሪው ይበልጣል። እና አንድም ቀን ዋናው የት ነው ብለን አልጠየቅንም!

በኋላ የኛም ኳየር ካሴት ሲያወጣ ማስተሩን ፒያሳ ላለ አንድ ሙዚቃ ቤት አስረከብን፣ ወረቀት የለ ምን የለ። ከዓመታት በኋላ በሲዲ እናውጣው ስንል ባለቤቱ ተቀይሯል፣ ሪሉ፣ ማስተሩ ያለበት ቴፕ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ መሃል ሁለቱ ዘማሪዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፣ የእህታችን የአልቶ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ላሰማሽ ግን አልችልም።

ስለዚህ ሰውየውን አትሽሹት፣ ማከፋፈል ከባድ ሥራ ነው፣ ሰው ያስፈልጋችኋል። ማስተሩን ግን አትስጡት። የማከፋፈል ፈቃድ ብቻ ስጡት፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ዩቲዩብ ይጨምር አይጨምር፣ ከገቢው ለናንተ ስንት እንደሚደርስ በጽሑፍ ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅን መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል፣ እያዋጣችሁ ያስቀረጻችሁት ደግሞ እናንተ ስለሆናችሁ አዘጋጆቹ እናንተ ናችሁ። ስቱዲዮውንም ሙሉ ፋይሉን፣ እያንዳንዱን ትራክ (የተቀዳውን ድምፅና መሣሪያ) ለብቻ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ጠይቁትና ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱን ቤተክርስቲያን ቢሮ፣ አንዱን አንቺ ቤት።