የዱአው ቀን የተናገርኩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ የእህቴ የልጅ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እዚሁ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ዶርም አብራት የምታድር ልጅ "ኤቲስት ነኝ" ትላለች አሉ። ሌሊቱን ሲከራከሩ አድረው አንዳቸውም አልተረቱም። "ጋሼ፣" አለችኝ፣ "ፈጣሪ አለ የሚለው ነው ወይስ የለም የሚለው ይበልጥ እርግጠኛ የሚሆነው?"

ስኒዬን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። የተቆጣሁ መስሏት "ይቅርታ ጋሼ" አለች። አልተቆጣሁም። አያቴ ትዝ ብለውኝ ነው። ለእሷ በቅጡ ሳልመልስላት ሸኘኋት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

በ1967 ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዘመትኩ። ጣቢያችን ውስጥ ማታ ማታ የጥናት ክበብ ነበረን። በእጅ የተገለበጠ፣ ጠርዙ የተበላ ጽሑፍ በየተራ እናነባለን። ዓለም ቁስ አካል ናት። ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው። እነዚህን ቃላት ስሰማ አንድ ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ መብራት ያበራልኝ ነው የመሰለኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በ1968 ሰኔ መጨረሻ ላይ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። አገራቸው ቃሉ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ፣ ቦርከና ዳር። ሸህ ነበሩ። ትልቅ ስም ያላቸው አልነበሩም፤ ሰፈር የሚያስታርቁ፣ ልጆች የሚያቀሩ፣ በዓመት አንዴ ገታ የሚባለው የዚያራ ቦታ ወርደው የሚዘይሩ ሸህ። ሚስታቸው፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ የቄስ ልጅ ነበረች። ወሎ እንዲህ ነው። ሰርግ ሲሆን ሁለት ሰንጋ ይጣላል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ያደግኩት ሁለቱንም እያየሁ ነው።

ዝናቡ ዘግይቶ ነበር። የ65 እና የ66 ረሃብ ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። ለማግስቱ ዋርካው ሥር ዱአ ተጠርቶ ነበር።

ያን ማታ ከእራት በኋላ አያቴ ኩራዙን ወደ ራሳቸው ሳቡና "እስቲ የተማርከውን ንገረኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፈጣሪ የለም አልኳቸው፣ ፊት ለፊት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እየገፉ ሰሙኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠው "ይሄን ያሉት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ሳይጠራጠሩ ነው?" አሉ። "አዎ" አልኩ። "ማሻአላህ" አሉ። ከልባቸው ነበር የገረማቸው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ እንደዚያ አይደለሁም" አሉ። በ66 በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የልጅ ልጆች ቀብረዋል፤ የአክስቴን ልጆች። ሦስተኛዋ አራት ዓመቷ ነበር። "አፈሩን ሳለብሳት፣ ጌታዬ አለህ ወይ? አልኩት። መልስ አልሰማሁም። እስከ ዛሬም አልሰማሁ። ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።" ትንሽ ቆዩና፣ "ግን ማግስቱን ለሱብሂ ሶላት ተነሳሁ" አሉ።

ስለ ነቢዩ ኢብራሂምም ነገሩኝ። ሙታንን እንዴት እንደምታስነሳ አሳየኝ ብለው ጌታቸውን ጠየቁ። አላመንክም? ተባሉ። አምኛለሁ፣ ልቤ እንዲረጋ ነው አሉ። አራት ወፍ ያዝ ተባሉ። አያቴ ይቺን ታሪክ ሲያወሩ አራት ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ነበር። "ኢብራሂም ጠይቀው ጌታ አልተቆጣም" አሉኝ። ያን የነገሩኝ ለሌላ ሰው ነግረውት የማያውቁትን ነው። ይሄን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የጠላት ምሽግ ውስጥ ቀዳዳ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ሰው ሞላ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሴቱም ወንዱም። የዱአ ጫት ቀርቧል፣ እጣኑ ይጨሳል። ከእኔ ጋር የዘመቱ ሁለት ጓደኞቼም ነበሩ። አያቴ ዱአውን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲያነሱ ተነስቼ ቆምኩ። ዝናብ ከባሕር የሚነሳ እርጥብ አየር ነው አልኩ፤ ተራራ ሲገጥመው ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ ልመና አያመጣውም። እዚህ ድረስ ምንም አይደለም። እውነትም ነው። ግን ጓደኞቼ ያዩኛል። አላቆምኩም። "ይሄ ሽማግሌ ራሱ አያምንም! ትናንት ማታ በራሱ አፍ ነግሮኛል። የልጅ ልጁን ሲቀብር ፈጣሪ አለ ወይ ብሏል!" አልኩ። አንቱታውን እንኳ ጣልኩት።

ዝም። ትዝ የሚለኝ ከሁሉ ዝምታው ነው። አክስቴ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ አየሁ።

አያቴ እጃቸውን አላወረዱም። "ልጁ ውሸት አልተናገረም" አሉ። ከዚያ ዱአውን ቀጠሉ። መጀመሪያ አሚን የሚል ጠፋ። በኋላ አንዲት መነኩሴ አሮጊት፣ ክርስቲያን፣ ከኋላ "አሜን" አለች። ቀጥሎ ሁሉም አለ።

ዝናቡ መጣ ወይ? ይሄን ያወራሁለት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። በሰባተኛው ቀን መጣ። ለእኔ ወቅቱ ስለደረሰ ነው፤ ለእነሱ ስለተሰሙ ነው። አንድ ዝናብ ነው ሁለታችንንም ያበሰበሰን።

በነጋታው ልሄድ ስል አያቴ ስንቅ አሲያዙኝ። ቆሎ ነው፣ በራሳቸው ጥምጥም ጫፍ ተቀዶ የተቋጠረ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት። "አብሽር፣ መንገድ ላይ እንዳይፈታብህ" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሐረጎን ወደ ደሴ ስወጣ ቆሎውን ከጓደኞቼ ጋር ጨረስን። ጨርቁን ጣልኩት። በ1970 አዲስ አበባ ሆኜ ሞታቸውን ሰማሁ፤ ደብዳቤው ሲደርሰኝ አርባቸው አልፎ ነበር። ይቅርታ አላልኳቸውም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ።

34 ዓመት መንገድ ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀያሽ ከሚታወቅ ነጥብ ይነሳል፤ አንግሉን በቴዎዶላይት፣ ርቀቱን በሜትር እየለካ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነጥብ ላይ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ስታሰላው ግን የተነሳህበት ላይ በትክክል አትገጥምም። ጥቂት ሳንቲሜትር ይዛነፋል። መሣሪያው ይሞቃል፣ ዓይን ይደክማል፣ ስታፍ፣ ማለትም የመለኪያውን ዘንግ፣ የሚይዘው ልጅ ትንሽ ያዘነብላል። ስህተቱ ከተፈቀደው ካላለፈ ለነጥቦቹ ታከፋፍለዋለህ። ተማሪ ሳለን አንዱ ጓደኛችን ዜሮ ስህተት ያለው የልኬት ደብተር (ፊልድ ቡክ) አመጣ። አስተማሪያችን ገልጠው አዩት፣ ዘጉትና "ሜዳ ወጥተሃል?" አሉት። አልወጣም ነበር። ቁጥሩን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሠራው።

ያን ቀን ዋርካው ሥር የቆምኩት እኔ ዜሮ ስህተት ይዤ ነበር።

ታዲያ ኤቲስት ሁሉ እንደ እኔ ነው? አይደለም። ሪቻርድ ዶውኪንስ የሚባለውን እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ልጆቻችን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ እምነትን ከ1 እስከ 7 የሚለካ መስፈሪያ አውጥቷል። 1 ላይ ያለው ፈጣሪ መኖሩን ያለ ጥርጥር አውቃለሁ የሚል ነው፤ 7 ላይ ያለው አለመኖሩን እንዲሁ አውቃለሁ የሚል። ራሱን ያስቀመጠው 6 ላይ ነው፣ ወደ 7 ያዘነበለ 6። 7 ላይ ብዙ ሰው ባገኝ ይገርመኛል፣ 1 ላይ ግን ሞልቷል ይላል። የመጀመሪያውን እቀበለዋለሁ። በሁለተኛው አልስማማም። አያቴ 1 ላይ አልነበሩም። እናት ቴሬዛም አልነበሩም። ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ለአሥርት ዓመታት በልባቸው ውስጥ ጨለማና ባዶነት እንደነበር ይናገራሉ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሚሞቱ ሰዎችን ያጥቡ ነበር። ወንጌሉም ውስጥ የታመመው ልጅ አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ነው ያለው። ሴት አያቴ ይቺን ቃል እንጀራ ስትጋግር ሁሉ ትላት ነበር። ሊጡ ሲቀጥንባትም ትላት ነበር።

የሚያምኑ ሰዎች ሁሉ እንደ አያቴ ናቸው ብዬ ግን ልዋሽ አልችልም። ዛሬ ስልካችሁ ላይ በላይቭ የሚከራከሩትን አያለሁ። ሸህ ነኝ የሚለውም፣ ሰባኪ ነኝ የሚለውም፣ ኤቲስት ነኝ የሚለውም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ያ የእኔ የዋርካው ሥር ድምፅ ነው። እናንተ ደግሞ ልብ ትልኩላቸዋላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ የአባቱን ሃምሳ ዓመት የሚንቅ ልጅ በዝቷል። ግን እኛ ስልክ ሳይኖረን የባሰ ሠራን፤ ስለዚህ እናንተን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም።

ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ያሳተመውን፣ የማደንዘዣው ቃል የወጣበትን ያን ጽሑፍ ሙሉውን ያነበብኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ከማደንዘዣው ቃል ቀደም ብሎ፣ ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ ነው፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው ይላል። ያቺን ግማሽ ክበባችን ውስጥ ማንም አላነበባትም። ሳነባት አያቴ አፈር ሲያለብሱ ታዩኝ።

እርግጠኛነት ራሱ ክፉ ነው አልልም። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ያ የዘመቻ ልባችን ባይሞቅ ኖሮ ገበሬ ልናስተምር በእግራችን ባልሄድን ነበር። ፊደል ያስቆጠርኳቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። የሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሽም እንዲሁ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዓመታት ቀድመው ቀኑንና ሰዓቱን ነግረውን ነበር፤ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች፣ እኛ ጋ ማጭድ መሰለች። ቅንጣት አልተሳሳቱም። እኔ ሰዓቴን ይዤ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ የግርዶሽ ሶላት ይሰግድ ነበር። ጨርሶ ወጣና "ሰዓቱ ደረሰ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አትሳደቡ፣ ተከባበሩ የሚለውን አልነግራችሁም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው በሌሊት ጥርጣሬውን ቢነግራችሁ፣ አማኝም ይሁን ኤቲስት፣ በቀን አታውጡበት። ኤቲስቷም ታማ ስትተኛ "ምናልባት" ልትል ትችላለች። ያን ሰምታችሁ አሸነፍን እንዳትሉ።

እኔ ራሴ ዛሬ የት ነኝ? ጁምዓ እሄዳለሁ። አንዳንዱ አርብ ልቤም አብሮኝ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አርብ እግሬ ብቻ ነው። በ1988 ቃሉ ውስጥ መንገድ ስቀይስ መሣሪያዬን የተከልኩት ከዚያ ዋርካ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበር። ዞሬ ስዘጋ አራት ሳንቲሜትር ተዛነፈብኝ። ደብተሩ ላይ እንዳለ ጻፍኩትና መቃብራቸው ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ለልጅቷ ትናንት ደወልኩላት። ጥያቄሽን ገና አልመለስኩልሽም አልኳት። ቅዳሜ ስትመጪ ያቺን ጓደኛሽንም ይዘሻት ነይ፤ ምሳ እዚህ ነው፣ የምትጠይቀኝም ካለ ትጠይቀኝ አልኳት።