የናይን ኢንች ኔይልስ ምስጢራዊ ጨዋታ፦ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው ሮክ ባንድ ናይን ኢንች ኔይልስ «ይር ዚሮ» አልበም በ2007 ሲወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በቲሸርት፣ በድረ ገጽና በፍላሽ ተደብቀው የተበተኑትን ፍንጮች እየተከታተልኩ እንቅልፍ ካጡት አንዱ ነኝ። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ሲዲው ያላችሁ በላይተር እንዳታሞቁት!

ባስ ጊታር፦ ጨዋታው ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ምን ነበር?

መልስ፦ ፌብሩዋሪ ላይ ባንዱ አውሮፓን ሲዞር በተሸጠ ቲሸርት ጀመረ። ጀርባው ላይ አንዳንድ ፊደሎች ደመቅ ብለዋል። ሲገጣጠሙ በእንግሊዝኛ «ለማመን እየሞከርኩ ነው» ይላሉ። ይህን የድረ ገጽ አድራሻ አድርጎ የሞከረ ሰው፣ መንግሥት ውሃ ውስጥ ስለሚጨምረው ፓሬፒን ስለተባለ መድኃኒት የሚያወራ ገጽ አገኘ። ከዚያ ሌላ ገጽ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም ያኔ ገና ካልደረሰችው ከ2022ቷ አሜሪካ ወደ ኋላ የተላኩ ናቸው ነው ነገሩ። ማንም ወጥቶ «ጨዋታ ጀምረናል» አላለም።

ሰሊጥ፦ የባንዱ ዘፈን ያለበት ፍላሽ እውነት ሽንት ቤት ነው የተገኘው?

መልስ፦ አዎ፣ ሊዝበን፣ ኮንሰርቱ አዳራሽ ውስጥ። ያልወጣ ዘፈን ነበረበት። ቀጥሎ ሌላ ፍላሽ ባርሴሎና፣ ከዚያ ማንቸስተር ተገኘ።

እኔን የያዘኝ ግን ዘፈኑ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ያለው ሽሽታ ነው። ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ ይመስላል። አንዱ ብልጥ ድምፁን ስፔክትሮግራም ላይ አወጣው። ስፔክትሮግራም ድምፅን ወደ ሥዕል ይቀይራል፦ አግድም ጊዜ፣ ወደ ላይ የድምፁ ቅጥነት፣ ድምቀቱ ደግሞ ጉልበቱ ነው። ስለዚህ ሥዕልን ገልብጦ ድምፅ ማድረግ ይቻላል። ጆሮ ጫጫታ ይሰማል፤ ዓይን ግን ከሰማይ የሚወርድ ግዙፍ እጅ ያያል። ያው እጅ በኋላ የአልበሙ ሽፋን ላይ መጣ። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር ላይ በነፃ መሞከር ትችላላችሁ። ከዩቲዩብ በተቀዳ ግን አትሞክሩ፤ የተጨመቀ ፋይል ቀጫጭኑን ድምፅ ይቆርጠዋል።

የፒያሳው፦ ፍላሹን የጣለው ባንዱ ራሱ ከሆነ ዘፈኑን የለጠፉት ሰዎች ለምን ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው?

መልስ፦ የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው «አንሱ» ያለው። ቀኝ እጅ የሠራውን ግራው አያውቅም።

ሰሊጥ፦ ሕግ ግን ሕግ ነው። ፈቃድ ሳይኖርህ አትለጥፍም።

የፒያሳው፦ ባለቤቱ ራሱ የበተነውን? ኧረ ተይ!

ባስ ጊታር፦ ሙዚቃ ቤት ፍላሽ እያስሞላን ያደግን ሰዎች ነን አሁን ስለ ፈቃድ የምንከራከረው? ሃሃ!

መልስ፦ ይበቃል። ወደ ጥያቄው።

ቡና በጨው፦ ዞሮ ዞሮ ማስታወቂያ አይደል?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አዎ፣ የሠራው 42 ኢንተርቴይንመንት ነው፤ ቀደም ሲል ለ«ሄይሎ 2» ጌም ተመሳሳይ ነገር ያዘጋጀ ድርጅት። የባንዱ መሪ ትሬንት ሬዝነር ግን «ማርኬቲንግ» ሲባል ይናደድ ነበር። ለእሱ ድረ ገጾቹም ፍላሾቹም የሥራው አካል ናቸው። እኔም እስማማለሁ። ማስታወቂያ ግዙኝ ይላል፤ ያ ጨዋታ ግን አንዴም ግዙ አላለንም። አልበሙ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 2ኛ ሆኖ ገባ። ይህ ምኑንም አያረጋግጥም።

ሰሊጥ፦ የሎስ አንጀለሱ ኮንሰርትስ?

መልስ፦ ኤፕሪል ላይ የተሰበሰቡ ተጫዋቾች የጥይት ሳጥን ታደላቸው። አንዳንዱ ውስጥ ስልክ አለ። በኋላ ስልኩ ጠራ። በአውቶቡስ ወደ መጋዘን ተወሰዱ፤ ባንዱ መጫወት ጀመረ። መሀል ላይ እስከ አፍንጫው የታጠቀ «ፖሊስ» ገብቶ በተነው። ተዋናዮች ናቸው። ያን ቀን እዚያ ባለመኖሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቡና በጨው፦ ሲዲውን ላሙቀው ወይ?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ? ዲስኩ ጥቁር ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይነጣል፣ የዜሮና የአንድ ኮድ ይወጣል። ማጫወቻው ራሱ ያሞቀዋል። ዘፈኑን ስማ፣ አውጣ፣ እይ። በቃ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ስለ ባንዱ እስቲ የሆነ ነገር ይንገሩን።

መልስ፦ የሆነ ነገር ምን?

አዲስ ገቢ፦ ማለቴ... የአልበሙ ታሪክ ፊልም ይሆናል ተብሎ ነበር?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቅ! ኤችቢኦ ከተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጋር ተከታታይ ፊልም ሊሠሩ ታስቦ ነበር። ሳይሠራ ቀረ። የሬዝነርን ትዳር የጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ አልመልስም።